እንቁላሉን ማን አስኬደው?

ከአኒሜሽን ክበብ አባላት



የትምህርት ቤታችን የቅዳሜው የኮምፒዩተር ሰዓት ጉዳይ በዚህ ዓመት ብዙ አነጋግሯል። አንዳንድ ወላጆች ሰዓቱ ለሒሳብና ለሳይንስ ማጠናከሪያ ቢውል ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «ልጆቻችን ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ተጥደው የሚውሉት አንሶ፣ አማርኛ ሊማሩ በመጡበት ቀን ካርቱን ይሠራሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም አስተያየቶች ለእኛ ከማሰብ የመጡ መሆናቸውን እንረዳለን። ሆኖም በዚያ ሰዓት የተማርነው እኛ ነን። ስለዚህ የመጪው ዓመት ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት የእኛም ሐሳብ በዚህ መጽሔት ላይ ቢሰፍር መልካም ነው ብለን ይህን ጽፈናል።

ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ የአኒሜሽኑ ሰዓት መቀጠል አለበት፤ ሲቀጥልም እንደ አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሊቆጠር ይገባል። ኮምፒዩተር የተሣለን ነገር ማንቀሳቀስ ይችላል። ለምንና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚያስኬደውን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ፣ ስለ እሱም ከጓደኞቹ ጋር መነጋገርና መከራከር አለበት። በዚህ ዓመት ማንም ሳያስገድደን በአማርኛ ረጅም ክርክር ያካሄድነው በዚያ ሰዓት ነው።

የሠራነው ምንድን ነው?

ሥራችን አንድ ፊልም ነው። ርዝመቱ 5 ሰከንድ ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንቁላል ለጀማሪ ይመቻል። ክንድ የለው፣ ፀጉር የለው፣ ልብስ የለው፤ አንድ ሞላላ ቅርጽና ሁለት እግር ከተሣለ ይበቃል። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ሲባል የሰማነው ነው። የቤት ሥራ ሲከብደን፣ ብስክሌት መንዳት አልሆንልን ሲል፣ ፊደል ሲጠፋብን የተነገረን ይኸው ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ያየ ከመካከላችን አንድም የለም።

የተጠቀምንበት ፕሮግራም ሲንፊግ ስቱዲዮ ይባላል። ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ ማንም ሰው ሳይከፍል በኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ ሊሠራበት ይችላል፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለፕሮግራሙ አንድ ሽልንግ እንኳ አላወጣም። እኛም ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሠርተናል።

ሲንፊግ የቬክተር ፕሮግራም ነው። በስልክ የምናነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ በመሆኑ በጣም ሲያጎሉት ይደበዝዛል። የቬክተር ሥዕል ግን በስሌት የሚያዝ መስመር ነው። ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው «እዚህ ነጥብ አለ፣ እዚያ ነጥብ አለ፣ በመካከላቸው ያለው መስመር ይህን ያህል ይጎብጣል» የሚለውን ነው። በየነጥቡ ላይ በማውስ የሚጎተት እጀታ አለ። እጀታው ሲረዝም መስመሩ ይለጠጣል፣ ሲዞር አብሮ ይዞራል። እንዲህ ያሉት ጥምዝ መስመሮች የቤዚዬ ኩርባ ይባላሉ። ስሙ የመጣው በ1960ዎቹ በፈረንሳዩ የሬኖ ኩባንያ የመኪና አካል ለመንደፍ ከተጠቀመባቸው ከመሐንዲሱ ከፒየር ቤዚዬ ነው። መኪና ለመንደፍ የዋለ ስሌት የእኛንም እንቁላል ሣለ ማለት ነው። አራት ነጥብ ይበቃል። ዙሪያው እኩል ከሆነ ኳስ ይመስላል፤ ሁለቱም ጫፎች ከሾሉ ሎሚ ይሆናል። እንቁላል የሚሆነው አንዱ ጫፍ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ሲል ነው።

«ታዲያ እናንተ ምን ሠራችሁ?»

ፊልሙን ካዩት ወላጆች አንድ አባት፣ «ኮምፒዩተሩ ካንቀሳቀሰው፣ ታዲያ እናንተ ምን ሠራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም።

ፊልም የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ቋሚ ሥዕሎች ቶሎ ቶሎ ስለሚተካኩ ነው። አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 24 ፍሬም ካለፈ፣ 5 ሰከንድ 120 ፍሬም ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንሰር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ጌርቲ ስለተባለችው ዳይኖሰር ፊልም ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች በወረቀት ላይ በእጅ ተሥለዋል። ኋላ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ሥራው ተከፋፈለ። ዋናው ሠዓሊ ዋና ዋናዎቹን አቋቋሞች ይሥላል፤ ረዳቶቹ በመካከል ያሉትን ይሞላሉ። ዛሬ ኮምፒዩተሩ የተረከበው የረዳቶቹን ሥራ ነው። በሲንፊግ የማንቀሳቀሻው ቁልፍ ሲበራ የሸራው ዙሪያ ቀይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምናደርገው ለውጥ ሁሉ በጊዜው መስመር ላይ ይመዘገባል። እንቁላሉን በመጀመሪያው ሰከንድ ከግራ፣ በመጨረሻው ሰከንድ ከቀኝ ብናስቀምጠው፣ በመካከል የት የት መሆን እንዳለበት ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላል።

ይህን ብቻ አድርጉና ውጤቱን ተመልከቱ። እንቁላሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ሄደ አይባልም፤ አንድ ሰው የገፋው ይመስላል። እግር ጨምሩለት። በአንዱ ቁልፍ ፍሬም ላይ ቀኝ እግሩን ወደፊት፣ ግራውን ወደኋላ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ደግሞ አገላብጡት። ሁለቱ እግሮች እንደ መቀስ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱም ከመሬት አይነሣም። ፕሮግራሙ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው በአጭሩ መንገድ ይወስዳቸዋል። እግር መነሣት እንዳለበት፣ መሬት ጠንካራ መሆኑን፣ እንቁላልም ክብደት እንዳለው ማንም አልነገረውም።

አንድ እርምጃ እርምጃ እንዲመስል ቢያንስ አራት አቋቋም ይፈልጋል። መጀመሪያ የፊተኛው እግር ተረከዝ መሬት ይነካል። ቀጥሎ ክብደት በዚያ እግር ላይ ሲያርፍ ሰውነት ዝቅ ይላል። ከዚያ የኋላው እግር ታጥፎ በቆመው እግር አጠገብ ያልፋል። በመጨረሻ ሰውነት ከፍ ይልና ያለፈው እግር ለሚቀጥለው እርምጃ ይዘረጋል። ሪቻርድ ዊሊያምስ የተባሉት የአኒሜሽን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ እነዚህን አቋቋሞች በሰፊው አስረድተዋል። የእኛ እንቁላል በፊልሙ ውስጥ ሦስት እርምጃ ይራመዳል፤ ስለዚህ 12 አቋቋሞችን አንድ በአንድ አስቀምጠናል። የመካከሉን ኮምፒዩተሩ ሞላው። ለተጠየቅነው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው።

እንቁላሉ እንዴት ነው የሚሄደው?

ሁለተኛው መልሳችን ከሥዕሉ ይልቅ የሚመለከተው ክርክሩን ነው።

ለዲዝኒ ይሠሩ የነበሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአኒሜሽን መርሆዎችን ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው መጨመቅና መለጠጥ ነው። ኳስ መሬት ሲመታ ጠፍጠፍ፣ ሲነጥር ዘርዘር ካላለ ሕይወት ያለው አይመስልም። ታዲያ እንቁላልስ? ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ መርሁ ለሁሉም ይሠራል አሉ። ግማሾቹ ደግሞ፣ «እንቁላል ቅርፊት አለው፤ ከተጨመቀ ይሰበራል፤ ከተጨመቀና ካልተሰበረ ደግሞ ፊኛ ነው» አሉ። ከመከራከር ማየት ይሻላል ተብሎ እውነተኛ እንቁላል መጣና በጠረጴዛ ላይ ተንከባለለ። ቀጥ ብሎ አልሄደም። አንዱ ጫፍ ጠባብ ስለሆነ ዞሮ ወደ ተነሣበት አቅጣጫ ተመለሰ፤ ሲቆምም ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ቅርጹ ፈጽሞ አልተለወጠም። በመሆኑም ክብደቱን በውዝዋዜ ለማሳየት ተስማማን። በየእርምጃው ሰፊው ሥር ቀድሞ ይሄዳል፤ ጠባቡ አናት ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ። ምሳሌው «ቀስ በቀስ» ይላል። ቀስ ብሎ መሄድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የደከመ ሰው ቀስ ይላል። ያኮረፈ ልጅ ቀስ ይላል። ከዘራ የያዙ አረጋዊም፣ አፉ ድረስ የተሞላ ብርጭቆ የተሸከመም ቀስ ይላሉ። አካሄዳቸው ግን አይመሳሰልም። የአማርኛ መምህራችን በአማርኛ የምናውቃቸውን የአካሄድ ቃላት ሁሉ በሰሌዳ ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። በመጀመሪያ «መሄድ» እና «መሮጥ» ብቻ ወጡ። ቤት ሄደን ጠይቀን ስንመለስ ግን ሰሌዳው ሞላ፦ መዳህ፣ መንፏቀቅ፣ ድክ ድክ ማለት፣ ማዝገም፣ መንቀራፈፍ፣ መንገዳገድ፣ ማነከስ፣ መንጎራደድ፣ መገስገስ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹን ከዚያ ቀን በፊት ሰምተናቸው አናውቅም ነበር።

የቃላት ፈተና ቢሆን ኖሮ ሸምድደን በማግስቱ እንረሳቸው ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቃል የተለየ ሥዕል ሆነብን። የሚያዘግም ሰው እግሩን ከመሬት ብዙ አያነሣም፤ ሰውነቱም ወደፊት ያዘነብላል። የሚንጎራደድ ሰው ደረቱን ነፍቶ እርምጃውን ያሰፋል። የሚያነክስ ሰው በአንዱ እግር ላይ ብዙ፣ በሌላው ላይ ጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ በሰዓት መስመሩ ላይ ፍሬሞቹ እኩል አይከፋፈሉም። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ደግሞ እግሩን ዘርዘር አድርጎ ያነሣል፣ እጁን ለሚዛን ይዘረጋል፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ቆም ይላል። እንቁላሉ ገና እግር ማውጣቱ ነውና ድክ ድክ ማለት አለበት ብለን ወሰንን። ለአንድ እርምጃ 24 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሰከንድ ሰጠነው። ማዝገም የሚለውን ብንመርጥ ኖሮ ሽማግሌ እንቁላል ይሆን ነበር።

ይህም አልበቃም። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሚሄደው እንቁላሉ ራሱ ነው ወይስ ከውስጡ የሚፈለፈለው ጫጩት? ቤት ጠይቀን ሁለት ዓይነት መልስ አመጣን። አንዳንዶቹ አያቶች፣ «እንቁላል ጫጩት ይሆናል፣ ጫጩት ይሄዳል፤ ነገሩ ስለ ትዕግሥት ነው» አሉ። ሌሎቹ፣ «ይሄዳል የተባለው እንቁላሉ ነው፤ የማይሆነው ነገር እንኳ በጊዜው ይሆናል ለማለት ነው» አሉ። ሁለቱንም ያከበረ መፍትሔ ፈለግን። በፊልማችን በመጀመሪያው ሰከንድ እንቁላሉ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ከሥሩ ይሰነጠቅና ሁለት የጫጩት እግሮች ብቅ ይላሉ። በቀሩት 3 ሰከንዶች ቅርፊቱን እንደለበሰ ድክ ድክ ይላል። የውስጡ ጫጩት ነው ወይስ ውጪው እንቁላል? ተመልካች እንደፈለገ ይረዳው።

ስለ እንቁላሉ ስናወራም ሌላ ክርክር ተነሣ። ግማሻችን «እንቁላሏ ሄደች» እያልን፣ ግማሻችን «እንቁላሉ ሄደ» እያልን ኖረናል። ምሳሌው «ይሄዳል» ስለሚል «ሄደች» ስህተት ነው የሚል ሐሳብ ቀረበ። መምህራችን ግን በአማርኛ ትንሽ የሆነን ወይም የወደድነውን ነገር በአንስታይ ጾታ መጥራት የተለመደ መሆኑን አስረዱን። ስለዚህ «ይሄዳል» የምሳሌው አነጋገር ነው፤ «እንቁላሏ» ደግሞ የእኛ ፍቅር ናት። እዚህ ናይሮቢ ከአማርኛ ይልቅ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የሚቀናን ልጆች ነን። ይህን ልዩነት በመጽሐፍ ብናነበው ልብ አንለውም ነበር።

የፊደል ገበታውና አፉ

ክበባችን በዚህ ዓመት ካገኛቸው ነገሮች ለመምህራን ይጠቅማል ብለን የምናስበው የአፍ ሰንጠረዡ ነው። እንቁላሉ ምሳሌውን ራሱ እንዲናገር ፈልገን ነበር። ለዚህም አፉ ከድምፁ ጋር መስማማት አለበት። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች የትኛው ድምፅ በየትኛው የአፍ ቅርጽ እንደሚሣል በሥዕል ያሳያሉ። ለአማርኛ ግን ዝግጁ ሰንጠረዥ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤ የፊደል ገበታው ነው።

ገበታውን ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። በአንድ ዓምድ ያሉት ፊደላት አናባቢያቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ካዕቡን በሙሉ ስንል፣ ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ከንፈራችን ይሞጠሙጣል። ራብዑን ስንል አፋችን ይከፈታል። ሣልስና ኃምስ ላይ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል፤ ሳብዕ ላይ ይከባል። ስለዚህ ሰባቱ ዓምዶች ሰባት የአፍ ቅርጾች ናቸው። ከእነሱ በተጨማሪ ሁለት ብቻ ያስፈልጋሉ። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሲጀምሩ ከንፈር ይገጠማል፤ ፈ ሲጀምር ደግሞ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። በጠቅላላው 9 አፍ ሣልን። ለአማርኛ ንግግር ሁሉ እነዚያኑ እየቀያየርን መጠቀም እንችላለን።

ከዚያ ምሳሌውን በፊደል ቆጠርነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» 18 ፊደላት አሉት። ከእነሱ 4ቱ ግዕዝ፣ 2ቱ ካዕብ፣ 2ቱ ራብዕ፣ 1ዱ ኃምስ ናቸው። የቀሩት 9ኙ፣ ማለትም ልክ ግማሾቹ፣ ሳድስ ናቸው። ሳድስ ላይ አፍ ብዙ አይከፈትም። በዚህ ምክንያት የእንቁላሉ አፍ በየፊደሉ ሰፋ ሰፋ ካለ ንግግሩ አማርኛ አይመስልም፤ የሚጮኽ ይመስላል። በጎልህ የሚከፈተው ላ እና ዳ ላይ ነው፤ የሚሞጠሙጠው ቁ እና ሩ ላይ ነው፤ የሚገጠመው ሁለቱ በ ላይ ነው። በ3 ሰከንድ ውስጥ 72 ፍሬም ስላለ ለአንድ ፊደል በአማካይ 4 ፍሬም ይደርሰዋል። ድምፁን የሰጡን ግን የአንዲት አባላችን አያት ናቸው። እሳቸው «ቀስ» የሚለውን ሳብ አድርገው፣ «ይሄዳል» የሚለውን ቆረጥ አድርገው ነው የተናገሩት። ስለዚህ ፍሬሞቹን ያከፋፈልነው በእሳቸው አነጋገር ነው። ድምፃቸውን ደጋግመን፣ ፊደል በፊደል ሰማነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆችም ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ፣ አፎቹን እያዩ የትኛው ዓምድ እንደሆነ መገመት ጨዋታ ሆነላቸው።

ዓይኑን በተመለከተም የተረፈን ነገር አለ። የሚሄድ ገጸ ባሕርይ ብዙውን ጊዜ ከጎን ይሣላል፤ ከጎን ሲሣል አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። በሀገራችን ጥንታዊ ሥዕሎች ደግሞ መልካም ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ከጎን በአንድ ዓይን ይሣሉ እንደነበር ተምረናል። የእኛ እንቁላል ማንንም አልበደለም። ስለዚህ እግሩ ወደ ጎን ሲራመድ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያችኋል።

ለተነሡት ተቃውሞዎች

በመጀመሪያ፣ የፈተና ጉዳይ። ማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚያስፈልገን አንክድም። ነገር ግን ይህ ሰዓት ከሒሳብ የራቀ አይደለም። የእያንዳንዱ ነጥብ ሥፍራ በሁለት ቁጥር፣ በአግድምና በቁም ርቀት ይነገራል። ጊዜን በፍሬም ማካፈል፣ ማዕዘን መለካት፣ ተመጣጣኝነትን መጠበቅ የየደቂቃው ሥራ ነው። የሒሳብ መምህራን ከሰዓቱ አንድ ክፍል ወስደው በእንቁላሉ ላይ ቢያስተምሩን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፣ የስክሪን ጉዳይ። ስክሪን ላይ ብዙ መዋላችን እውነት ነው። ይሁንና ካርቱን ማየትና ካርቱን መሥራት እንደ መብላትና እንደ ማብሰል የተለያዩ ናቸው። ከሥራችን ጊዜ ብዙው ያለፈው ከስክሪን ውጪ ነው፦ በወረቀት በመንደፍ፣ እርስ በርስ አካሄድ በማሳየት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ሲራመዱ በማየት፣ ቤት በመጠየቅ።

ሦስተኛ፣ «ዛሬ ዓረፍተ ነገር ሲጽፉለት ራሱ ፊልም የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ለምን ትደክማላችሁ?» የሚሉን አሉ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፤ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቃል ይፈልጋል። «ይሄዳል» ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ፕሮግራሙ የሚያወጣለት መሄድን ብቻ ነው። ድክ ድክ ማለትን ከማዝገም የሚለይ ግን የሚፈልገውን ያውቃል፤ የተሰጠውም ትክክል መሆን አለመሆኑን ይፈርዳል። አንድ እርምጃ በእጁ የሠራ ሰው፣ የሚንሸራተት እግር ሲያይ ወዲያው ይለየዋል።

ጉድለቶችም እንዳሉ እናውቃለን። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ አንድ ሙሉ ተርም ሠርተን ያገኘነው 5 ሰከንድ ነው። ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ሲሠራ ሁለቱ ይጠብቃሉ። የፕሮግራሙ ትእዛዛት በእንግሊዝኛ ስለሆኑም ታናናሾቻችን ይቸገራሉ። ሁሉም ተማሪ አኒሜተር አይሆንም፤ መሆንም የለበትም።

ቢሆንም በአካባቢያችን ይህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ የተባለው የእንስሳት ተረቶች ተከታታይ ፊልም እዚሁ ናይሮቢ በአኒሜሽን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በቢቢሲ የልጆች ጣቢያ ታይቷል፤ የሥዕሉን ስልት ያገኘው ከታንዛኒያው የቲንጋቲንጋ ሥዕል ነው። በዳሬሰላም የሚዘጋጀው ኡቦንጎ ኪድስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስን በአኒሜሽን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ ፀሐይ በምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት፣ በአማርኛ ለልጆች ቀርቧል። ጎረቤቶቻችን ተረታቸውንና ሥዕላቸውን ወስደው ሠርተውበታል። የእኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ደግሞ ራሳቸው በሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ የሚያስኬዳቸው ሰው ይፈልጋሉ።

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ ሰዓቱ እንዳለ ይቀጥል፤ ከተቻለም ከአማርኛ ትምህርት ውጤት ጥቂት ነጥብ ይያዝለት። ሁለተኛ፣ አዲስ የሚገቡ ልጆች በሰው ወይም በጀግና ሥዕል ሳይሆን በሞላላ ቅርጽና በሁለት እግር ይጀምሩ። ከ5 ሰከንድም አይለፉ፤ ያለቀች ትንሽ ሥራ ካላለቀች ትልቅ ሥራ የበለጠ ታስተምራለችና። ሦስተኛ፣ በየተርሙ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመረጥና ድምፁን ወላጆችና አያቶች ይስጡን። ድምፅ ለመቅዳት ስልክ ይበቃል። አራተኛ፣ የአፍ ሰንጠረዡ ተባዝቶ ለታችኛ ክፍሎች ከፊደል ገበታው ጎን ይሰቀል።

ለመጪው ዓመት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን መርጠናል። እንቁላሉ ሁለት እግር ነበረው፤ አንበሳው አራት እግር፣ ጎፈርና ጅራት አለው። ሸረሪቶቹ እያንዳንዳቸው ስምንት እግር አላቸው፤ ድሩም ስፍር ቁጥር የሌለው ክር ነው። ለዚህ ሁሉ ያለን የቅዳሜዋ አንዲት ሰዓት ናትና አትውሰዱብን።